ኮረንቲው ዞሮ ከተመለሰ የምንከፍለው ለምኑ ነው?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቀን ጸጉር ቤት እሠራለሁ፣ ማታ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ እማራለሁ። ሽቦ መሳብ፣ ሶኬት ማሰር፣ ብሬከር መግጠም እጄ ለምዶታል። ንድፈ ሐሳቡ ላይ ግን ተቸግሬያለሁ። መምህራችን ‹ኮረንቲ እንደ ቧንቧ ውኃ ነው› ይለናል፤ እኔም እሺ ብዬ ተቀበልኩ። ፈተና ላይ ‹በአንድ አምፖል ውስጥ 0.5 አምፔር ለ4 ደቂቃ ቢያልፍ ስንት ቻርጅ አለፈ? ከአምፖሉ በኋላ ባለው ሽቦስ ስንት ያልፋል?› የሚል ጥያቄ መጣ። የመጀመሪያውን በቀመሩ 120 ኩሎምብ ብዬ አገኘሁ። ለሁለተኛው ‹ያነሰ› ብዬ ጻፍኩ፤ አምፖሉ ተጠቅሞበታላ! ስህተት ተባልኩ። ለምን ስል ‹እኩል ነው፣ ቀመሩን ያዢ› ተባልኩ። ‹እኩል ከተመለሰ ታዲያ መብራት ኃይል በየወሩ የሚያስከፍለን የምኑን ነው?› ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ሌላም አለ። አንድ ልጅ ኤሌክትሮን በሽቦ ውስጥ በሰዓት አንድ ሜትር እንኳ አይሄድም አለ። ታዲያ ማብሪያውን ስጫን መብራቱ እንዴት ወዲያው ይበራል? ደግሞ መጽሐፉ ቀስቱን ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ይሥላል፤ ገጹን ስገልጥ ኤሌክትሮኑ የሚሄደው በተቃራኒው ነው ይላል። ሒሳቡን እሠራዋለሁ፣ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ግን አይገባኝም። 29 ዓመቴ ነው። ልቀጥል ወይስ ትቼው ጸጉሬን ልሥራ? ግራ የገባኝ፣ ከአዳማ»

እህቴ፣ የሳቁብሽ ልጆች መልሱን ቢያውቁት ኖሮ ይነግሩሽ ነበር። ብዙ ዓመት ሽቦ ሲዘረጋ የኖረ ሰው እንኳ ብትጠይቂ «ኮረንቲ ያለው ፌዙ ላይ ነው፣ ኒውትራሉ ባዶ ነው» የሚልሽ አታጪም። (ፌዝ ኮረንቲው የሚሄድበት ሽቦ ነው፣ ኒውትራል የሚመለስበት።) ወደዚህ አባባል ኋላ እመለስበታለሁ፤ ሰው የሚገድል አባባል ነውና።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። አምፖል ኮረንቲ አይበላም። በአንዱ ጫፉ የገባው ቻርጅ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ ይዘውት የሚሄዱት የኤሌክትሪክ መጠን፣ በሌላው ጫፉ ሳይጎድል ይወጣል። 120 ኩሎምብ ከገባ 120 ኩሎምብ ይወጣል። አምፖሉ ጋ የሚቀረው ቻርጁ ሳይሆን በቻርጁ አማካይነት የደረሰው ጉልበት ነው። በማንኛውም የኤሌክትሪክ መስመር ውስጥ የሚዞር ነገር አለ፣ የሚያልቅ ነገርም አለ። አንቺን ያስቸገረሽ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር አድርገው ስላቀረቡልሽ ነው።

በእኔ አስተያየት የጥፋቱ ግማሽ የቧንቧው ምሳሌ ነው። ቤታችን ያለው የቧንቧ ውኃ ይመጣል፣ እንጠቀምበታለን፣ በፍሳሹ ይሄዳል፤ የምንከፍለውም በሄደው ውኃ ልክ ነው። ይህን ይዞ ፈተና የተቀመጠ ሰው «ያነሰ» ብሎ ባይጽፍ ነው የሚገርመኝ። በትክክል አስበሻል፤ የተሰጠሽ ሥዕል ግን የተሳሳተ ነበር።

በምትኩ ወፍጮ ቤት አስቢ። ሞተሩ አንድ ጥግ ነው፣ ድንጋዩ ሌላ ጥግ፣ መሃላቸው ቺንጋው ተወጥሮ ይዞራል። ቺንጋው በአንድ በኩል ወደ ድንጋዩ ይሄዳል፣ በሌላው በኩል ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በደቂቃ ስንት ሜትር እንደሄደ ብትለኪ የተመለሰውም ያንኑ ያህል ነው። ድንጋዩ ከቺንጋው ላይ ቆርሶ የሚያስቀረው ነገር የለም። እህሉ ግን ይፈጫል፣ ናፍጣውም ያልቃል። ባለወፍጮው ሒሳብ የሚጠይቅሽ ለተፈጨልሽ እህል ነው እንጂ ቺንጋው ስለዞረ አይደለም። ቻርጁን እንደ ቺንጋው ውሰጂው፤ ኮረንቲ ደግሞ ቺንጋው የሚዞርበት መጠን ነው። ባትሪው ወይም ጄኔሬተሩ በሞተሩ ቦታ ይቆማል፣ አምፖሉ በድንጋዩ ቦታ።

የሁለተኛው ጥያቄሽ መልስም እዚያው አለ። ሞተሩ ሲነሳ ድንጋዩ ለመዞር ሞተሩ ጋ ያለው የቺንጋ ቁራጭ እስኪደርስለት አይጠብቅም። ድንጋዩ ላይ ያረፈው ቺንጋ ቀድሞውኑ እዚያው ነው፤ ሁሉም አብሮ ይንቀሳቀሳል። የመመለሻው ጎን ቢበጠስ ደግሞ የመሄጃው ጎን ብቻውን የትም አይሄድም።

ምሳሌው የሚያልቅበትን ቦታም ልጠቁምሽ፦ ቺንጋ ቅርንጫፍ አያወጣም፣ ሽቦ ግን ያወጣል። እሱን ቆይተን እናያለን።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ ቀመሩን እንድትይዢ ብቻ ተነግሮሽ ያለፈው ይህ ነውና። አንድ አምፔር ማለት ሽቦው ላይ አንድ ቦታ መርጠሽ ብትቆጥሪ በየሰከንዱ አንድ ኩሎምብ ቻርጅ ያልፋል ማለት ነው። አንድ ኩሎምብ ወደ 6.24 ቢሊዮን ቢሊዮን የሚሆኑ ኤሌክትሮኖች ቻርጅ ነው። ቢሊዮንን ሁለት ጊዜ የጻፍኩት ተሳስቼ አይደለም። 0.5 አምፔር በሰከንድ ግማሽ ኩሎምብ ነው፤ በ4 ደቂቃ ማለትም በ240 ሰከንድ 120 ኩሎምብ። የፈተናሽ ሒሳብ በሙሉ ይኸው ነው።

እነዚህ ኤሌክትሮኖች ከየት መጡ? ብዙ ተማሪ ባትሪው ውስጥ ታጭቀው የነበሩ፣ ማብሪያው ሲከፈትላቸው ባዶውን ሽቦ እየሞሉ የሚሄዱ ይመስለዋል። ሽቦ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ለመብራት የምትዘረጊውን 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ አንድ ሜትር ብትቆርጪ በውስጡ በነፃ የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች ቻርጅ ወደ 20,000 ኩሎምብ ይደርሳል። ጥቅልሉ ገና ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳለ እንኳ ይህ ሁሉ በውስጡ ነበር። ብትነኪው የማይነዝርሽ መዳቡ ውስጥ ያንኑ የሚያህል ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለና ሚዛኑ ዜሮ ስለሆነ ነው። ባትሪው ቻርጅ ሠርቶ አያፈስም፤ ቀድሞ ያለውን ይገፋል።

አሁን አካፍዪ። በፈተናሽ 4 ደቂቃ ውስጥ 120 ኩሎምብ አለፈ፤ አንድ ሜትር ሽቦ 20,000 ኩሎምብ ይይዛል። ስለዚህ በዚያ 1.5 ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ በአማካይ የተራመዱት 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 9 ሴንቲሜትር ያህል። ልጁ እውነቱን ነው፤ እንዲያውም እሱ ካለውም በጣም ያነሰ ነው። የሚፈጥነው ግፊቱ ነው። ማብሪያውን ስትጫኚ የኤሌክትሪክ ግፊቱ በሽቦው ዙሪያ ለብርሃን ፍጥነት በቀረበ ፍጥነት ይደርሳል፤ ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎሜትር ይጓዛል። አምፖሉ ውስጥ የሚያበሩት እዚያው ክሩ ውስጥ ተቀምጠው የነበሩት ኤሌክትሮኖች ናቸው።

ይህ በባትሪ ነው። በቤት መስመር ደግሞ የባሰ ነገር አለ። ከግድግዳው የሚመጣው በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኮረንቲ ስለሆነ ኤሌክትሮኖቹ በአንድ ቦታ ከመወዛወዝ በቀር የትም አይሄዱም፤ የሚወዛወዙትም ከሚሊሜትር ሺኛ ባነሰ ርቀት ነው፣ 0.5 አምፔር ለሚወስድ አምፖል። ሰፈራችሁ ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ውስጥ ደግሞ የ15,000 ቮልቱ ጥቅልልና የ220 ቮልቱ ጥቅልል በሽቦ አይገናኙም፤ ጉልበቱ በማግኔት ይሻገራል እንጂ ኤሌክትሮን አይሻገርም። ከግድቡ ተነስቶ አዳማ ጸጉር ቤት የደረሰ ኤሌክትሮን የለም ማለት ነው። እናንተ ካስኩን ስትሰኩ የሚሠራው ሽቦው ሲገዛ አብሮ የተገዛው ኤሌክትሮን ነው። መብራት ኃይል አንድም ኤሌክትሮን ሸጦልሽ አያውቅም።

ታዲያ የምንከፍለው ለምኑ ነው? ቮልት የሚባለውን አሁን አምጪው። ቮልት ማለት እያንዳንዱ ኩሎምብ የሚያደርሰው የጉልበት መጠን ነው፦ 220 ቮልት ማለት በአንድ ኩሎምብ 220 ጁል። የጸጉር ማድረቂያሽ ላይ 2,000 ዋት ተብሎ ከተጻፈ ወደ 9 አምፔር ይወስዳል። በየሰከንዱ 9 ኩሎምብ፣ እያንዳንዱ 220 ጁል እያደረሰ፣ በድምሩ 2,000 ጁል ገደማ በሰከንድ። ኩሎምቡ ይመለሳል፣ ጁሉ ሙቀትና ንፋስ ሆኖ ደንበኛሽ ጸጉር ላይ ይቀራል። ቆጣሪው የሚያደርገው ቮልቱንና አምፔሩን በየቅጽበቱ እያባዛ መደመር ነው፤ 3.6 ሚሊዮን ጁል ሲሞላ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ብሎ ይቆጥራል። ማድረቂያው ለግማሽ ሰዓት ቢሠራ አንዲት ኪሎዋት ሰዓት ሄደች። ግድቡ ጋ የወደቀው ውኃ፣ ተርባይኑን የገፋው ክብደት፣ ያ ነው ሙቀት ሆኖ የደረሰሽ። ሒሳቡን የምትከፍይው ለእሱ ነው፤ ጥያቄሽም በጭራሽ የሚያስቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ ጥሩ ተማሪ አንድ ጥያቄ ያነሳል፦ ያው ኮረንቲ በመዳቡም በአምፖሉ ክርም ካለፈ፣ ክሩ ብቻ ለምን ይግላል? ሬዚስታንሳቸው፣ ማለትም ኮረንቲን የማገድ አቅማቸው ስለሚለያይ። እያንዳንዱ ኩሎምብ ጉልበቱን የሚያራግፈው ሬዚስታንስ ባለበት ቦታ ነው። ክሩ ብዙ ስለሚያግድ አብዛኛው ጁል እዚያ ይራገፋል፤ ወፍራሙ መዳብ ላይ የሚራገፈው ጥቂት ነው። ይህንን ከፈተና ይልቅ ለሥራሽ ያዢው። ሶኬት ውስጥ ብሎን ላልቶ ሲቀር እዚያች ነጥብ ላይ ሬዚስታንስ ይፈጠራል፤ ያው 9 አምፔር በሽቦው ሁሉ በሰላም ሲያልፍ እዚያች ነጥብ ላይ ፕላስቲክ ያቀልጣል። ጸጉር ቤት ውስጥ ጠቁሮ የምታዪው ሶኬት ሁሉ ማለት ይቻላል ታሪኩ ይህ ነው።

አሁን በቃሌ ብቻ አትመኚ፤ በራስሽ ዓይን እዪው። ሁለት የባትሪ ድንጋይና ሁለት አንድ ዓይነት ትናንሽ የእጅ ባትሪ አምፖሎች ፈልጊ፣ ክር ያላቸውን የድሮዎቹን። ኤል ኢ ዲ አይሁን፣ እሱ ኮረንቲ የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ነገሩን ያወሳስብብሻል። ድንጋዮቹን አከታትለሽ ሁለቱን አምፖሎች በአንድ መስመር ላይ በተከታታይ እሰሪያቸው። ኮረንቲ የሚበላ ቢሆን የመጀመሪያው ይደምቅና ሁለተኛው ይደበዝዛል። አይሆንም። ሁለቱም እኩል ደብዘዝ ብለው ይበራሉ።

አንዱ ደመቅ ቢል «ይኸው ተበላ!» ከማለትሽ በፊት ቦታቸውን አለዋውጪ። ድምቀቱ ከአምፖሉ ጋር አብሮ ከዞረ ልዩነቱ የአምፖሉ ነው፣ ቦታው ምንም አላደረገም ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህቺን መለዋወጥ ሳይሠራ ቀርቶ የተሳሳተውን ነገር በገዛ ዓይኑ አየሁ ብሎ ይምላል።

ቀጥለሽ መልቲሜትሩን በዲሲ አምፔር ላይ አድርጊ፣ ቀዩን ገመድ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ አስገቢ፣ መስመሩን ቁረጭና ሜትሩን በመሃል ግጠሚው፤ ከመጀመሪያው አምፖል በፊት፣ በሁለቱ መሃል፣ ከሁለተኛው በኋላ። በሦስቱም ቦታ ተመሳሳይ ቁጥር ታያለሽ። አደራ፣ አምፔር ላይ ያለ ሜትር ራሱ እንደ ሽቦ ነው፤ የድንጋዩን ሁለት ጫፍ በቀጥታ አታገናኚበት፣ ሶኬት ውስጥማ በጭራሽ። ፊትሽ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

አንዱን አምፖል አውጥተሽ በአንድ ብቻ ስትለኪ ደግሞ ቁጥሩ ከቅድሙ ከፍ ይላል። ሁለተኛው አምፖል ሲገባ ኮረንቲው የሚቀንሰው ከእሱ ወዲህ ብቻ ሳይሆን ገና የመጀመሪያው አምፖል ጋ ሳይደርስ ባለው ሽቦም ጭምር ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ በጣም የምወደው ይህንን ነው። የመጀመሪያው አምፖል ከኋላው ሌላ መኖሩን በምን አወቀ? መስመሩ በተገናኘባት እጅግ አጭር ቅጽበት ውስጥ ቻርጁ በሽቦው ገጽ ላይ እዚህ ትንሽ ይከማቻል፣ እዚያ ትንሽ ይሳሳል፤ ግፊቱም በየቦታው እየተስተካከለ ኮረንቲው በሁሉም ነጥብ እኩል እስኪሆን ድረስ ይሄዳል። ይህ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፣ ዓይንሽም ሜትርሽም አያየውም። ኮረንቲን የሚወስነው መስመሩ በሙሉ ነው። ከባትሪው የወጣ ነገር በየመንገዱ እየተቀነሰ የሚሄድ አድርገሽ አትከተዪው። (ቁጥሩን ስታወዳድሪ የሁለቱ ንባብ የአንዱ ግማሽ ካልሆነና ትንሽ ከፍ ካለ አትደንግጪ፤ ደብዝዞ የሚበራ ክር ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ሬዚስታንሱ ያንሳል።)

ሁለቱን አምፖሎች ጎን ለጎን በፓራለል ስታስሪያቸው ቺንጋው ያልነገረን ነገር ይመጣል። አንዱ 0.3 አምፔር፣ ሌላው 0.3 አምፔር ቢወስድ ከባትሪ ድንጋዩ የሚወጣው 0.6 ነው፤ ሲገናኙም ያው 0.6 ይመለሳል። መገናኛ ነጥብ ላይ ቻርጅ አይጠፋም፣ አይፈጠርም፣ ቁጭ ብሎም አይቀርም። በመጽሐፍሽ የኪርኾፍ ሕግ ተብሎ የተጻፈው ይኸው ነው። ጉስታቭ ኪርኾፍ እ.ኤ.አ. በ1845 ሲያወጣው የ21 ዓመት ተማሪ ነበር። ጸጉር ቤታችሁ ዲቫይደር ላይ ሁለት ካስክና አንድ ማድረቂያ ሲሰካ የዲቫይደሩ ገመድ ለምን እንደሚሞቅም በዚሁ ሕግ ታሰይዋለሽ፤ የሦስቱ አምፔር ተደምሮ በአንድ ገመድ ነው የሚያልፈው።

አሁን ወደዚያ «ኒውትራሉ ባዶ ነው» ወደሚለው አባባል። 9 አምፔር በፌዝ ከሄደ 9 አምፔር በኒውትራል ይመለሳል። ስለዚህ በቤት መስመር ኒውትራሉ ከፌዙ ጋር እኩል ውፍረት ሊኖረው ይገባል። አምፖል ኮረንቲ ይበላል ብሎ የሚያምን ሠራተኛ ግን ለመመለሻው ቀጭን ሽቦ ቢያስገባ በእሱ ቤት ቁጠባ ነው፤ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ሲግል ማንም አያየውም። ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ከተበጠሰ ደግሞ ዕቃው ቀጥ ይላል፣ አንቺ በቴስተር ፌዙን ስትነኪ የቴስተሩ መብራት ይበራል። ከዕቃው በኋላ ያለውን የተበጠሰውን ኒውትራል ስትነኪው ግን እዚያም ይበራል! ምክንያቱም በዕቃው በኩል አልፎ ከፌዙ ጋር እንደተገናኘ ነው፤ መመለሻ መንገድ ብቻ ነው ያጣው። ያንን «ባዶ» ሽቦ በባዶ እጁ የያዘ ሰው መመለሻው መንገድ ራሱ ይሆናል። ስለዚህ ሥራ ስትጀምሪ ዋናውን ብሬከር አጥፍተሽ፣ ሁለቱንም ሽቦ ፈትሸሽ ነው።

ለመምህርሽም ሆነ ለሳቁት ልጆች የሚበቃ ማስረጃ ካስፈለገሽ ክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦውን ከውጭ አቅፎ ኮረንቲ የሚለካ ሜትር፣ ይኑራችሁ እንደሆነ ጠይቂ። ወርክሾፕ ውስጥ፣ መምህሩ ባለበት፣ ፌዙና ኒውትራሉ ተለያይተው በሚታዩበት ሽፋናቸው ያልተነካ ሽቦዎች ላይ ይሠራ። ፌዙን ብቻ ሲያቅፍ 9 ያነባል። ኒውትራሉን ብቻ ሲያቅፍ 9 ያነባል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያቅፍ ዜሮ፤ የሚሄደውና የሚመለሰው እኩል ስለሆኑ ማግኔታቸው ይጣፋል።

አር ሲ ዲ የሚባለው ቆራጭ የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች በአንድ ቀለበት ውስጥ ያልፋሉ፤ ቀለበቱ ያለማቋረጥ የሄደውን ከተመለሰው ጋር ያስተያያል። እኩል እስከሆኑ ድረስ ዝም ይላል። 30 ሚሊአምፔር፣ ማለትም 0.03 አምፔር ከጎደለ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ይቆርጣል፤ የጎደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባት በሰው አካል በኩል ወደ መሬት እየሄደ ነውና። ተራው የ16 አምፔር ብሬከር ይህቺን ልዩነት አያያትም። እርጥብ እጅና የኮረንቲ ዕቃ ጎን ለጎን በሚውሉበት ጸጉር ቤት አር ሲ ዲ ከሌለ ለባለቤቷ ንገሪያት። «ከአምፖሉ በኋላ ያነሰ ያልፋል» የሚለው መልስሽ እውነት የሚሆንበት ጊዜ ካለ መስመሩ ሲያፈስ ነው፤ ያን ጊዜም የጎደለውን አምፖሉ አልበላውም።

የባትሪ ድንጋይ ሲያልቅስ ምን አለቀ ትዪኝ ይሆናል። ቻርጁ አይደለም፤ የሚያልቀው ቻርጁን የሚገፋው የኬሚካል ለውጥ ነው። ዚንኩ ተበልቶ ይጠፋል። ስልክሽ ባትሪ ላይ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ ከተጻፈ 18,000 ኩሎምብ ነው፤ እስኪደክም ድረስ በመስመሩ ሊያዞር የሚችለው ይህን ያህል ነው ማለት ነው። ባትሪው ሲሞላም ሲያልቅም የውስጡ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሚዛን አይለወጥም።

ልተወው ወይ ላልሽው፦ አትተዪው። ማጽናናቴ አይደለም። በዚህ ሙያ ሽቦ የሚስብ ሰው ሞልቷል፤ የሚጠፋው ብልሽት የሚያገኝ ሰው ነው። ብልሽት መፈለግ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው «የት ገባ? በየት ተመለሰ?» እያሉ መጠየቅ ነው፤ አንቺ ይህን ሳያስተምሩሽ ጀምረሽዋል። ዕድሜሽን እርሺው። መምህሩን እንደገና ስትጠይቂ ግን በክፍሉ ፊት ባይሆን፣ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ሁለቱን አምፖልና ሜትሩን ይዘሽ ሂጂ። «ለምን?» ሲባል ቆጣ የሚል መምህር «ይቺን ንባብ አብረን እንያት» ሲባል ብዙ ጊዜ ይቀመጣል። ክፍሉ ውስጥ 40 ሰው ይዞ፣ ወርክሾፑ ውስጥ ሁለት ሜትር ብቻ ኖሮት የሚያስተምር ሰው «ቀመሩን ያዢ» ቢል ስንፍና ላይሆን ይችላል። ቀመሩንም ያዢው፤ ብቻ በየጥያቄው ላይ መልሱን ከመጻፍሽ በፊት የተጠየቅሽው ስለሚዞረው ነው ወይስ ስለሚያልቀው ብለሽ ለዪው። ኩሎምብና አምፔር ስለሚዞረው ናቸው። ጁል፣ ዋት፣ ኪሎዋት ሰዓት ስለሚያልቀው። ቮልት ሁለቱን ያገናኛል።

የቀረው የቀስቱ ጉዳይ ነው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የሚለውን ስያሜ ያወጣው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ። በሽቦ ውስጥ ምን እንደሚንቀሳቀስ ያኔ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ይሁን ተብሎ ተሠራበት። ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን ሲያገኝ እ.ኤ.አ. 1897 ሆኗል፤ ቻርጁም ኔጌቲቭ ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ድረስ መጽሐፉ፣ ቀመሩ፣ ሥዕሉ ሁሉ በአሮጌው ቀስት ተጽፎ አልቋል። ደግሞም ኔጌቲቭ ቻርጅ ወደ ግራ ቢሄድ ወይም ፖዘቲቭ ቻርጅ ወደ ቀኝ ቢሄድ ሜትሩ የሚያነበው አንድ ነው፤ በባትሪው ውስጥ ባለው ፈሳሽማ ሁለቱም ዓይነት በየአቅጣጫቸው ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ። ስለዚህ ማንም አልቀየረውም። ፈተና ላይ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ሣዪ፤ ጥያቄው «ኤሌክትሮኖቹ ወዴት ይሄዳሉ?» ካለሽ ብቻ ገልብጪው።